ትርፍ ቮልስ የት ይቁም? በአዲስ አበባ ደረቅና ርካሽ ማቆሚያ አፈላለግ

የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ የሚወጣው በሐምሌ ነው። በታኅሣሥና በጥር አዲስ አበባ ውስጥ የማያምር መጋዘን የለም፤ ወለሉ ደርቋል፣ ባለቤቱም «ጠብታ አይገባም» ብሎ ይምላል። በሐምሌ አጋማሽ ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየወረደ የሄደ ሰው ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ የጎረቤት አሸንዳ ውኃውን ወዴት እንደሚደፋ፣ ወለሉ ላይ ስንት ጣት ውኃ እንደሚተኛ በዓይኑ ያያል።

ይህን ያስቀደምነው በየቀኑ ለማይነዳ መኪና ዋናው ወጪ ዝገት ስለሆነ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቮልስ፣ የቆየ ፊያት 600፣ ፔጆ 404 ወይም ዲኤክስ ያለው ሰው ኪራይ ሲያወዳድር የወር ሒሳቡን ብቻ ካየ ይሳሳታል። እርጥብ ወለል ላይ ሁለት ክረምት የቆመ ቮልስ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ላሜራ መጀመሪያ ይበሳል። ቀጥሎ በሁለቱ በሮች ሥር የሚሄዱት የሙቀት አየር ቱቦዎች ከውስጥ ይበላሉ፤ እነሱ ደግሞ አካሉን ከወለሉ ጋር የሚይዙ ናቸው። በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በብየዳ ይሄዳል።

መጀመሪያ ልኩ

ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ መኪናውን ለኩ። ቮልስ ርዝመቱ ወደ 4.07 ሜትር፣ ወርዱ 1.54፣ ቁመቱ 1.50 ሜትር ገደማ ነው። ፊያት 600 በርዝመት 3.2 ሜትር አካባቢ ሲሆን ፔጆ 404 እስከ 4.45 ይደርሳል። በር ከፍቶ ለመውረድ በአንድ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ ለአንድ ቮልስ 2.2 በ4.5 ሜትር፣ ማለትም 10 ካሬ ገደማ ያዙ።

ብቻችሁን ከመከራየት ሦስትና አራት ሆናችሁ አንድ መጋዘን መያዝ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ግን አደራደሩን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ሥሩት። 10 በ20 ሜትር የሆነ መጋዘን እንውሰድ። በረጅሙ ግድግዳ በኩል አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው 9 ቮልሶች ይሰለፋሉ። በተቃራኒው ግድግዳ ደግሞ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተጠግተው 4 ይቆማሉ። መሐል ላይ 4 ሜትር ያህል መተላለፊያ ይቀራል። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሲሚንቶ ወለል ላይ ሁለት ሰው እየገፋ፣ መሪ እያቃና ማንኛውንም ያወጣዋል። ኪራዩ ለ13 መኪና ተካፈለ ማለት ነው። ሁለቱንም ግድግዳ በዘጠኝ ዘጠኝ ሞልቶ 18 ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን መተላለፊያው ከሁለት ሜትር በታች ይሆንና እሳት ቢነሳ አንድም አይወጣም። አንመክርም።

የት ይፈለግ?

የመጀመሪያው ምርጫ የቆዩ ቪላዎች ጋራዥ ነው። በንጉሡ ዘመንና ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የተሠሩ ቤቶች ያላቸው ጋራዥ በሩ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። የዛሬ ሰው የሚነዳው ሰፊና ረጅም መኪና ስለማይገባበት የድሮ ሶፋ፣ የከሰል ጆንያና የተሰበረ አልጋ ማከማቻ ሆኖ ቀርቷል። ለቮልስ ግን በትክክል ልኩ ነው። በሩ 2 ሜትር ንጹሕ ክፍተት ካለው ስፖኪዮው ሳይነካ ይገባል። በኦልድ ኤርፖርት፣ በሳር ቤት፣ በጉለሌ፣ በቦሌ የቆዩ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ጋራዥ የሚያገኘው በመንደሩ ሱቅና በዘበኛ በኩል የሚጠይቅ ነው። ደላላ «መጋዘን» የሚል ቃል ሲሰማ የመጋዘን ዋጋ ይዞ ይመጣል።

የቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሚያስፈራቸውም ገንዘቡ ሳይሆን የሰው መግባትና መውጣት ነው። ስለዚህ አቀራረቡ ወሳኝ ነው። በሚያውቁት ጎረቤት በኩል፣ በቀን፣ አንድ ሰው ብቻ ሄዶ «እትዬ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ዕቃ እኛ አውጥተን፣ አራግፈን፣ መደርደሪያ ሠርተን ከላይ እንደረድርልዎታለን። መኪናው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው፤ የሚመጣውም እኔ ብቻ ነኝ» ቢላቸው ከሁለት እጥፍ ኪራይ የበለጠ ያሳምናል። መደርደሪያው በሞራሌ ይሠራ፤ ከወለሉ 1.70 ሜትር ከፍ ካለ ቮልሱ ከሥሩ ይገባል። ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ እያሰቡ እንደሆነ ግን በግልጽ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጅምር ሕንፃ ነው። በከተማው ዳር ሶሌታው ተሞልቶ፣ ገንዘብ አልቆ ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ የቆመ ጂ ፕላስ አንድና ጂ ፕላስ ሁለት ብዙ አለ። ባለቤቱ አስቀድሞ ለዘበኛ ይከፍላል፤ የእናንተ ኪራይ የዘበኛውን ደመወዝ ቢሸፍንለት እንኳ ደስ ይለዋል። ዋጋው የሚረክሰውም ለዚህ ነው። ችግሩ ከላይ ያለው ሶሌታ ክዳን ስለሌለው የዝናብ ውኃ ይዞ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ማንጠባጠቡ ነው። ያ ጠብታ ሲሚንቶውን አጥቦ ስለሚመጣ ኖራማ ነው፤ ቀለምና መስታወት ላይ ነጭ ምልክት ትቶ ይደርቃል። ከደረጃውና ከቧንቧ ቀዳዳዎቹ ርቃችሁ፣ ከላይ ሁለት ሶሌታ ያለበትን ክፍል ምረጡ። ከመሬት በታች ያለውን ቤት (ቤዝመንት) ቢሰጧችሁ በነጻም ቢሆን አትግቡ፤ በክረምት ውኃ ይሞላዋል። ግንባታው የሚቀጥል ከሆነም ከ30 ቀን በፊት እንዲነገራችሁ ተስማሙ፤ መፍጫ ማሽን በሚሠራበት አጠገብ የቆመ መኪና ላይ የሚያርፈው የብረት ብናኝ በማግስቱ ዝገት ሆኖ ቀለሙ ውስጥ ይቀመጣል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ የዕድር ግቢ። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የሚቀመጥበት ቤት ያለው ዕድር አጥር፣ ጥበቃና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ አለው፤ ገቢም ይፈልጋል። የኮሚቴው ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ስለሚያዝ ውሉ ከግለሰብ ቃል የጠነከረ ነው። ግን ለቅሶ በሚሆንበት ቀን ግቢው ይፈለጋል፤ መኪናው በ1 ሰዓት ውስጥ መገፋት ካልቻለ ቅሬታው በሚቀጥለው ስብሰባ ያስወጣችኋል። ለማይንቀሳቀስ፣ ሞተሩ ለወረደ መኪና አይሆንም።

ኮንዶሚኒየም ለትርፍ መኪና አይመችም። የጋራ ቦታ ነው፤ ሸራ ለብሶ ለወራት የማይነቃነቅ መኪና ጎረቤት ያስመርራል፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንቡን ጠቅሶ ያስነሳዋል።

መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ማቆም በጣም የሚያጓጓና በጣም የሚያስከፍል ነው። ባለጋራዡ ታማኝ ቢሆንም ልጆቹ ይቀያየራሉ፤ ሌላ ቮልስ በካርቡራቶር ምክንያት ሥራው ሲጓተት «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ከቆመው ይፈታል። ካርቡራቶር፣ ዲናሞ፣ ቦቢና፣ ስፖኪዮ፣ ተቀያሪ ጎማ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ግድ ከሆነባችሁ ቀላሎቹን ዕቃዎች ራሳችሁ ፈታችሁ ቤት አስቀምጡ።

ከከተማ ውጭ ለመውጣት ካሰባችሁ አቅጣጫው ከርቀቱ ይበልጣል። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ከአዲስ አበባ ከፍ ስለሚል ብርዱም እርጥበቱም ይብሳል። በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ በኩል ግን መሬቱ እየወረደ፣ እየሞቀ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። የአራት መቶ ሜትሩን ልዩነት ላሜራው ያውቀዋል። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ የሚወጣውን ነዳጅ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያና ግማሽ ቀን ኪራዩ ላይ ደምሩት፤ ለአንድ መኪና አያዋጣም፤ ለአራት ያዋጣል።

የትም ቢሆን ቦታው በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባቱን ወረዳው ላይ ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። አጥሩ የሚፈርስበት ግቢ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው።

ቦታውን ስታዩ

ሐምሌ ካለፈባችሁ ክረምቱ የተወውን ምልክት ፈልጉ። የብሎኬት ግድግዳ ሥር ነጭ ዱቄት ካለ ውኃ ከመሬት እየወጣ ነው። የቆርቆሮ በሩ ታችኛው ጫፍ እንደ ወንፊት ከሆነ ጎርፍ በዚያ ያልፋል። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆንም ፈትኑት፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር ላስቲክ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር አጣብቁና በማግስቱ ግለጡት። ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች ይመጣል፤ ወፍራም ላስቲክ ሳይነጠፍ መኪና አይቆምበትም።

በአቃቂ፣ በለቡና በቦሌ ዳርቻ ያለው ዋልካ አፈር ሌላ ጣጣ አለው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በክሪክ ተነሥቶ በግንድ ላይ የተቀመጠ መኪና በነሐሴ አንድ ጎኑ ሰምጦ ይዘማል፤ ሊወድቅም ይችላል። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ መኪናው በጎማው ይቁም።

ጎረቤቱን እዩ። ወፍጮ ቤትና እህል መጋዘን ካለ አይጥ አለ። ዶሮ የሚረባበት ግቢ ኩሱ ቀለም ይበላል። ቀለም ቀቢና ጋዝ ሲሊንደር የሚያከማች ካለ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ውሉ ላይ

አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ክረምት ሳታዩበት ከሦስት ወር በላይ አትክፈሉ። በውሉ ላይ የሰሌዳ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይግባ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚሄደው ጎድን ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ሥር ነው። ለመልቀቅ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ከእናንተ በቀር ማንም ሞተር እንደማያስነሳ፣ ግቢው ውስጥ ምን እንደማይከማች፣ በየትኛው ሰዓት መግባት እንደምትችሉ ጻፉ። በየገጹ ይፈረም፤ ምስክሮች ይኑሩ። በዕለቱ ከአራቱም ጎን፣ ከሞተር ክፍሉና ከውስጥ ፎቶ አንሡ። ሊብሬው መኪናው ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። ውጭ አገር የምትኖሩና መኪናችሁን ለዘመድ ትታችሁ የምትሄዱ፣ ውክልናው መኪናውን የማንቀሳቀስና ውሉን የማደስ ሥልጣን በስም ጠቅሶ ይስጥ፤ አለዚያ አከራዩ ሲያስወጣ ዘመዳችሁ እጁ ይታሰራል።

ኢንሹራንሳችሁን ስታድሱ ለቆመ መኪና የእሳትና የስርቆት ሽፋን እንዳለ፣ ቦታው ሲቀየርም ማሳወቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ቦሎው ያለፈበት መኪና ከቦታ ቦታ ሲዛወር ይጫን እንጂ አይነዳ።

ለዘበኛው ከኪራዩ ለይታችሁ በየወሩ በእጁ ስጡት። ከአሠሪው ሌላ እናንተን የሚያውቅ፣ ስልካችሁን የያዘ ሰው እሱ ነው።

ጣሪያ የሌለው ግቢ ከሆነ

ክፍት ግቢ በጣም ርካሽ ነው፤ ጣሪያውን ራሳችሁ ብትሠሩም ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ስትለቁ ነቅላችሁ እንደምትወስዱ ግን ውሉ ላይ ይግባ። ለአንድ ቮልስ 90 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ 14 ይበቃል፤ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆኖ ሲነባበር 5.25 በ3.85 ሜትር ይሸፍናል። ቋሚው ስድስት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ፣ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ። ተዳፋቱን ከመኪናው መውጫ አቅጣጫ አርቁት፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ይቆፈር። ጎኖቹን በቆርቆሮ አትዝጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል፤ ነፋስ ካልገባ ጠዋት መኪናው ላይ ይዘንባል።

መሬቱ ላይ መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር። ለ3 በ5 ሜትር ቦታ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ጠጠር ማለት ነው።

ሸራ በቀጥታ መኪና ላይ አይጣልም። እርጥበት ያፍናል፣ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ደግሞ ከነአቧራው ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መኪናውን የታጠበ አቡጀዲ አልብሱት፤ ሸራው ከላይ በገመድ ተወጥሮ ሳይነካው ይንጠልጠል።

ከማስገባታችሁ በፊት

ሥሩን አሳጥባችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ በጭቃ የገባ መኪና እርጥበቱን ይዞ ነው የሚገባው። የሞተር ዘይት ቀይሩ፤ ለቮልስ 2.5 ሊትር ነው። አሮጌው ዘይት አሲድ ስላለው ኩሽኔታውን ቆሞም ይበላዋል። የፍሬን ዘይት ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር፤ ውኃ ስለሚስብ የጎማ ሲሊንደሮቹን ያጣብቃል።

ቤንዚኑ እስከ ሦስት ወር ለሚቆም መኪና ይሙላ፤ ጎደሎ ሰልባትዮ ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ፣ ወይም የሌላ ሰው ግቢ ከሆነ፣ ቀዱት፤ ካርቡራቶሩ እስኪደርቅ ሞተሩን አስነሥታችሁ አጥፉ። ሌባ ቤንዚን ሲቀዳ የነቀለውን ጎማ ቱቦ አይመልስም፤ የቮልስ እሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሞተር ክፍል ውስጥ ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ነው። ከ6 ኪሎ የማያንስ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ፤ ለዘበኛው አጠቃቀሙን አሳዩት።

ባትሪው ይውጣ፤ ኔጌቲቩ አስቀድሞ ይፈታ። ጎማዎቹ ወደ 35 ፒኤስአይ ይነፉ። የእጅ ፍሬን አይያዝ፤ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ማርሹ ነጻ ሆኖ ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግ፤ መሪው ከመቆለፉ በፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ በችግር ጊዜ ቁልፍ ሳይፈለግ ተገፍቶ እንዲወጣ።

አይጥ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዝጉ። ሁለቱ የማርሚታ ጫፎችና የካርቡራቶሩ አየር መሳቢያ በጥሩ ሽቦ ወንፊት ይታሰሩ። ከሁሉ የከፋው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ቤት ነው። አይጥ እዚያ ጨርቅና ሣር ቆልላ ትወልዳለች፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሞተሩ ሲነሣ ጎጆው ሲሊንደሮቹ መሐል ይወድቅና አየሩን ይዘጋል፤ ቮልስ ራዲያተር ስለሌለውና የሙቀት መለኪያ ስላልተገጠመለት ነጂው የሚያውቀው ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከሞተሩ ጀርባ የፋኑን አየር መግቢያ በወንፊት ሸፍኑ፤ የሸፈናችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ወረቀቱን መሪው ላይ እሰሩ።

በየወሩ

በሄዳችሁ ቁጥር አምስት ደቂቃ ብቻ አስነሥቶ ማጥፋት ጉዳት ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ የተፈጠረው ውኃ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ወይ 30 ደቂቃ ንዱት፣ ወይ አታስነሡት። የማይነዳ ከሆነ ቁልፉን ሳትከፍቱ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ግፉት፤ ሞተሩም ይዞራል፣ ጎማውም የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይራል። ፍሪሲዮኑን አሥር ጊዜ ያህል ርገጡ፤ በክረምት ከፍላይዊሉ ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ሳይነካ የከረመው ነው። ቤት ያለውን ባትሪ በቮልት መለኪያ እዩ፤ 12.6 ሙሉ ነው፣ ከ12.4 ሲወርድ ቻርጅ ይደረግ። ጥንታዊው ቮልሳችሁ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ግማሹን አስቡ፤ ቻርጀሩም የ6 ቮልት ይሁን።

በነሐሴ ግን በየሁለት ሳምንቱ ሂዱ። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱት። እርጥብ ከሆነና ውኃው የገባው ከላይ ከሆነ፣ በመስታወቱ ጉሚኒ በኩል ነው፤ ምንጣፉን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እስከ መስከረምም መልሳችሁ አታስገቡት።